ጭስ አምጪ የተባለችው ባጃጅ

እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ቆቦ ውስጥ፣ ከመሥሪያ ቤቶቹ ግቢ ፊት ለፊት፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ ፎቶ ኮፒና ሦስት የፕላስቲክ ወንበር ይዤ ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁ። ከዚያ በፊት በዚያው ቦታ በታይፕ እጽፍ ነበር። በሬ የጠፋበት፣ ከጎረቤቱ በድንበር የተጣላ፣ ዝውውር የሚፈልግ አስተማሪ፣ ሁሉም በእኔ ጣት አልፏል። ሰው ጉዳዩን እያለቀሰ ይነግረኛል፤ እኔ ለቅሶውን አውጥቼ «ጉዳዩ፦» ብዬ እጀምርና «ከሠላምታ ጋር» ብዬ እጨርሳለሁ። መሃል ላይ ያለውን ማንም እንደማያነበው የገባኝ ቆይቶ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ መመሪያና በጀት እከራከራለሁ ብዬ ግን በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

ነገሩን ያመጡብኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቆቦ ውስጥ «ባለጋሪው» ከተባለ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጋሪው ከተሸጠ ዓመታት ቢያልፉም ስሙ እሳቸው ላይ ቀርቷል። መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እኔ ገና ታይፕ ተምሬ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ ከመነኻሪያ ገበያ ሰውና ማሽላ ያመላልሱ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ጋሪ አስፋልት ላይ እንዳይወጣ ተከለከለ። የፈረስ ፋንድያ ለከተማው ገጽታ አይመጥንም ተባለ። ማመልከቻ ጻፍኩላቸው። ፈረሱ ታርጋ ያውጣ የሚል መልስ መጣ። ታርጋን ከፋንድያ ጋር ምን እንዳገናኘው እስካሁን አላውቅም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ቆርቆሮ ላይ ቁጥር አስጽፈው ከጋሪው ኋላ ሰቀሉት። ፈረሱም እንደ ቀድሞው ሥራውን ቀጠለ፤ ሁለቱንም ሥራውን።

በኋላ ባጃጅ ከተማውን ሲሞላው ጋሪውን ሸጠው አንድ ያገለገለች ባጃጅ ገዙ። ዘይት ሳይጨምሩ ሮቢት ደርሰው ሲመለሱ ሞተሯን አቃጠሉት።

«ፈረስ ሲደክመው ይነግረኛል» አሉኝ በብስጭት። «ይቺ ምን ብላ ነገረችኝ?»

አንድ ዓመት ያህል ግቢያቸው ውስጥ፣ ከአገዳው ክምር ጎን ቆማ፣ ዶሮዎች እንቁላል ሲጥሉባት ከረመች።

የባለጋሪው አማች፣ የልጃቸው ባል፣ ከሳውዲ የተመለሰው ያኔ ነው። ሠላሳዎቹን የጨረሰ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ጅዳ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሽማግሌና በሽተኛ የሚያመላልሱ በባትሪ የሚሄዱ ትንንሽ ጋሪዎችን ሲጠግን ኖሯል። ከዚያ የሚመለስ ሰው ብርድ ልብስና ቴሌቪዥን ይዞ ይመጣል፤ እሱ ይዞ የመጣው አንድ ሻንጣ ሙሉ ሽቦና መፍቻ ነው። ሚስቱ ሻንጣውን ከፍታ ካየች በኋላ ሁለት ቀን አላናገረችውም ይባላል። እሱ ግን ዶሮዎቹን አስነሥቶ፣ የተቃጠለውን ሞተር ፈትቶ ጣለና ከአዲስ አበባ ያስመጣውን የኤሌክትሪክ ሞተር ገጠመላት። ከተሳፋሪው መቀመጫ ሥር ባትሪ ደረደረ። ሰው ሁሉ የሞተ በሬ ሊያሳርስ ነው እያለ ይስቅበት ነበር።

አንድ ጠዋት ደብዳቤ እየጻፍኩ ቀና ስል ሱቄ በር ላይ ባጃጅ ቆማለች። ስትመጣ አልሰማሁም። ባለጋሪው ከኋላ ተቀምጠው፣ ነጭ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ እንደ ሙሽራ ያዩኛል።

«መቼ መጣችሁ?» አልኳቸው።

«እንዳትሰሚን ብለን ነው እንዲህ የሠራናት» አሉ። «ግቢ፣ እናትሽን ሐኪም ቤት እናድርሳቸው።»

እናቴ ያን ጊዜ ራሷን ክፉኛ ያማት ነበር። በየሳምንቱ ወደ ሐኪም ቤት በባጃጅ ስትሄድ በሞተሩ ጩኸትና ንዝረት ይብስባትና ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጠቅልላ፣ ጥርሷን ነክሳ ነበር የምትደርሰው። ያን ቀን መንገድ ላይ ዝም አለችብኝ፤ ደንግጬ ፊቷን ገልጬ ሳያት እንቅልፍ ወስዷታል። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስንቀሰቅሳት «ምነው፣ ገና እኮ መተኛቴ ነው» አለች። ለኤሌክትሪክ የቆምኩት ስለ አየር ንብረት ገብቶኝ አይደለም፤ በዚያች እንቅልፍ ምክንያት ነው።

ከተማው ባጃጇን «ጸጥታ» አላት። ስሙ ትንሽ ጣጣ ነበረው። «ጸጥታ መጣች!» ሲባል ጫት ቤት የተቀመጡት ጫማቸውን ጥለው በጓሮ ይወጡ ነበር። ፍየሎች ደግሞ ጩኸት ካልሰሙ ከመንገድ አይነሱም፤ አማቹ ወርዶ በእጁ እየገፋ ያስነሳቸዋል። ተሳፋሪውም ለመልመድ ጊዜ ወሰደበት። በሌላው ባጃጅ ሰው የሰው ሐሜት እየጮኸ ያወራል፤ ሾፌሩ አይሰማም። እዚህ ግን ሹክሹክታው ሁሉ ይሰማል። ሁለት ሴቶች ስለ ባለጋሪው ሚስት እያሙ ሄደው ሊወርዱ ሲሉ፣ አማቹ ዞሮ ሳይመለከት «አማቴ ናቸው፤ ሰላም ብለዎታል እላቸዋለሁ» አላቸው።

በአንድ የገበያ ቀን ትራፊክ አስቆመው። እኔ ከእናቴ ጋር ከኋላ ነበርኩ።

«ሞተር አስነሳ» አለው።

«ተነሥቷል።»

«አልሰማሁም።»

«አይሰማም።»

«እሺ፣ አጥፋው።»

«አጠፋሁት።»

ትራፊኩ ጆሮውን ወደ ባጃጇ አስጠግቶ ትንሽ ቆየ። ጠፍቶም ተነሥቶም አንድ መሆኑ አናደደው። «ትታሰራለች» አለ።

ስለዚህ ታሰረች። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ግራር ሥር፣ በሰንሰለት። የማልጠራው ፈርቼ አይደለም፤ እስከ ዛሬ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሱት እኔ ጋ ስለሆነ ነው።

በማግሥቱ ባለጋሪውና አማቹ ቴክኒክ ምርመራ ሲጠሩ እኔንም «አንቺ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ታውቂያለሽ» ብለው ወሰዱኝ። መርማሪው ባለሙያ ቀጭን፣ ትሑት፣ እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ የማያወርድ ሰው ነው። ቅጹን አውጥቶ ከላይ ጀመረ።

«የሞተር ቁጥር?»

አማቹ ነገረው።

«ይሄ እንደ ሞተር ቁጥር አልሆነም፤ ይሁን። ሲሲ? የሞተሩ መጠን ስንት ነው?»

«የለውም።»

«የጭስ መጠን? ዝቅተኛ፣ መጠነኛ፣ ከፍተኛ?»

«አይጨስም።»

ባለሙያው አሰበ። «አልጨሰም ነው ወይስ አይጨስም?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«አልጨሰም ከሆነ ተበላሽቷል፤ ተጠግኖ እስኪጨስ ይቆያል። አይጨስም የሚል ደግሞ ቅጹ ላይ የለም።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ጭስ አምጡ» አለ። እኔ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ግን ወደ በሩ ሲሸኘን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም ነገሩ አልጠፋኝም፤ ቅጽ ነው የያዘኝ» አለኝ።

የመጀመሪያውን ማመልከቻ ያን ቀን ከሰዓት ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ ያለ ጭስ የምትንቀሳቀስ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ እንድትፈታልን ስለመጠየቅ።» መልሱ ከሳምንታት በኋላ መጣ፤ መመሪያ ሲወጣ የሚታይ ይሆናል ይላል። መመሪያው መቼ ይወጣል ብለን ጠየቅን። ጥያቄ ሲበዛ ይወጣል ተባልን። ጥያቄ አበዛን። ከዚያ፣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ከሆነ ስለ መብራት ወደሚመለከተው ክፍል ሂዱ አሉን። እዚያ ያሉት ሰውዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ እኛ አገልግሎት የምንሰጠው ቆጣሪ ላለው ነው አሉ። ቆጣሪ እንዲገባላት ጠየቅን። ቆጣሪ የሚገባው ቤት ቁጥር ላለው ነው አሉ። ባለጋሪው በትዕግሥት ሲሰሙ ቆይተው «ጌታዬ፣ ፈረሴ ታርጋ ነበረው፤ የቤት ቁጥር ግን አልጠየቁትም» አሉ። ሰውዬው ይህን ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። ለምን እንደጻፉት አላውቅም።

በግለሰብ አቤቱታ እንደማይሆን ሲገባን ኮሚቴ አቋቋምን። ባለጋሪው ሊቀመንበር፣ አማቹ የቴክኒክ፣ እኔ ጸሐፊ። ኮሚቴ ያለ ተጠቃሚ አይሆንም ስለተባለ እናቴን የተሳፋሪዎች ተወካይ አደረግናት። ኮሚቴው ማህተም አስፈለገው። ማህተም ለማስቀረጽ የእውቅና ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ የእውቅና ደብዳቤ ለመጠየቅ ማህተም ያለበት ማመልከቻ ያስፈልጋል። ይህን ቋጠሮ እንዴት እንደፈታሁት እዚህ አልጽፍም፤ ሙያዬ ነው።

ባጃጇ የታሰረችበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ በመጨረሻ ተቀበሉን። ደርባባ፣ ንግግር የሚያምርባቸው፣ በየዓረፍተ ነገሩ «አረንጓዴ» የሚሉ ሰው ናቸው። ሦስት ነገር ነው የጠየቅነው። ተፈትታ ታርጋ እንዲሰጣት፤ መነኻሪያው ጋ አንድ ቻርጅ ማድረጊያ ሶኬት እንዲፈቀድ፤ ሞተራቸው የተቃጠለባቸው ባለባጃጆች እንደ እሷ ማስለወጥ ቢፈልጉ ብድር እንዲመቻችላቸው። ኃላፊው እያንዳንዱን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በሦስቱም ላይ አቅጣጫ ተቀምጧል» አሉ።

እናቴ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ማን ላይ ነው የተቀመጠው?» አለችኝ። ጆሮዋ ስለሚከብዳት ሹክሹክታዋ ውጭ ድረስ ይሰማል። ኃላፊው ፈገግ አሉ። «እማማ፣ በጀት እየተፈለገ ነው» አሏት።

በጀቱ ተገኘ። ለሶኬቱ ሳይሆን ለወርክሾፕ።

ወልድያ ተጠራን። አዳራሹ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ ባነር አለ፤ ኮፍያና ቲሸርት ታደለን፤ ባለጋሪው በነጩ ኮፍያቸው ላይ አረንጓዴውን ደርበው አደረጉት። ከሩቅ የመጡ እንግዳ ብቻቸውን ስለሚነዱ መኪናዎች ረጅም ትምህርት ሰጡ። ባለጋሪው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ፈረሴም እኔ ስተኛ ብቻውን ቤት ይገባ ነበር፤ ማንም ወልድያ ጠርቶ አላስተማረበትም» አሉ። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ከመስኮቱ ሥር ያለው ጄኔሬተር ተነሣ፤ ጭሱ በመስኮት ገብቶ ባነሩን ሸፈነው። ከእንግዳው ቀጥለው ስለ ንጹሕ አየር ያስተምሩ የነበሩት ሰው እየሳሉ ቀጠሉ። ጭስ ጠፋ ተብሎ ለታሰረች ባጃጅ የሚበቃ ጭስ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነበር።

ጥያቄና መልስ ሲደርስ አማቹ እጁን አነሣ። በሰው መሃል ሲናገር ሰምቼው ስለማላውቅ እኔ ራሴ ደነገጥኩ።

«አንድ ሶኬት የሚፈቅድልን ማነው?» አለ።

አስተባባሪው «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ ትልቁ ወረቀት ላይ «መሠረተ ልማት» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ቀዶ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ሁላችንም አጨበጨብን። አማቹ አላጨበጨበም። ስንመለስ ጎብዬ እስክንደርስ በአውቶቡሱ መስኮት ውጭ ውጭውን ሲያይ ነበር፤ ከዚያ «ጅዳ ሳለሁ ቋንቋ ስለማላውቅ ነው የማልግባባው እል ነበር» አለኝ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወርክሾፑን የደገፉት እንግዶች ቆቦ መጥተው ባጃጇን ማየት ይፈልጋሉ ተባለ። በመጡበት ጠዋት ኃላፊው ራሳቸው ሱቄ ድረስ መጡ፤ ከዚያ በፊት ደጃፌን ረግጠው አያውቁም።

«እህቴ፣ ባጃጇን ይዛችሁ ዝግጁ ሁኑ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደርሳሉ።»

«ባጃጇ እናንተ ግቢ ናት» አልኳቸው።

ሄድን። ጸጥታ ግራሩ ሥር ወራት ቆማ አቧራና የወፍ ኩስ ለብሳለች። አማቹ ሰንሰለቱ ሲፈታለት ገብቶ ቁልፉን አዞረ፤ ምንም የለም።

«ባትሪው ሞቷል» አለ። «ለመሙላት አንድ ሌሊት ይፈልጋል።»

«ታዲያ ለምን ቀድማችሁ አልሞላችሁትም?» አሉ ኃላፊው።

«ታስራ ነበር።»

«ማን አሰራት?»

ትራፊኩ እዚያው ቆሞ ነበር። ጫማውን ያይ ጀመር። ባለሙያው እስክሪብቶውን ከጆሮው አውርዶ መልሶ ሰካው።

እንግዶቹ በሁለት ትልልቅ መኪኖች መጡ። ሙቀቱን ለመቋቋም ሞተሮቹን ሳያጠፉ ወረዱ። ኃላፊው አሰቡ፤ ማሰባቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። ከዚያ ባጃጇ ውስጥ ገብተው ከኋላ ተቀመጡ፤ አማቹን መሪው ላይ አስቀመጡት፤ ለሠራተኞቻቸው በዓይናቸው ጠቀሱ። ትራፊኩ፣ ባለሙያውና ሁለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ከኋላ ሆነው መግፋት ጀመሩ። የፎቶ አንሺው ቦታ ከፊት ነበር። ከፊት ለሚያይ ሰው፣ አንዲት ባጃጅ ኃላፊውን ይዛ ያለ ድምፅ ያለ ጭስ ትመጣለች። እኛ ከጎን የቆምነው ደግሞ የአራቱን ሰዎች ላብ እናያለን፤ የቆቦ ፀሐይ መሃል አናት ላይ ናት፤ አንደኛው ከረባት አድርጎ ነበር።

ባለጋሪው ከጎን ከጎን እየተራመዱ ሳለ አፋቸው አመለጣቸው መሰለኝ፣ ትንሹ ዳገት ላይ ሲደርሱ «ቼ!» አሉ። ግቢው ተንጫጫ። ገፊዎቹ ራሳቸው በሳቅ ጉልበት አጡና ባጃጇ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች፤ አማቹ ፍሬን ያዘ።

አንደኛዋ እንግዳ በአስተርጓሚ «እንዴት ጸጥ ያለች ናት!» አሉ።

ኃላፊው ከወረዱ በኋላ ንግግር አደረጉ። ባጃጇን መሥሪያ ቤታቸው ከማኅበረሰቡ ጋር በመተባበር ያበለጸጋት መሆኑን የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ፎቶው ተሰቀለ፤ ኮሪደሩ ውስጥ እስካሁን አለ። በጥንቃቄ ካያችሁት ከኋላ ጎማው አጠገብ የአንድ ሰው ጫማ ይታያል።

ነገር ግን ያ ውሸት ለእኛ በር ከፈተ። እንግዶቹ ባጃጇ ሥራ ላይ መሆኗን የሚገልጽ ሪፖርት ስለፈለጉ ሥራ ላይ መዋል ነበረባት። በዚያው ሳምንት ተፈታች፤ ትመዝገብና ሊብሬ ይውጣላት ተባለ። ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ሲሲ የሚለው ቦታ ላይ ዜሮ ጻፈ። ኮምፒውተሩ ዜሮ አልቀበልም አለ። ባዶ ተወው፤ ያንንም እምቢ አለ። በመጨረሻ አንድ ጻፈ፤ ተቀበለ። ከጭስ ሥር «መጠነኛ» የሚለውን መረጠ።

«ትክክል መሆኑን ፈርሙ» አለ።

አማቹ ወረቀቱን አይቶ መለሰው። «ጭስ እንዳይኖራት ብዬ የሠራኋትን፣ ትጨሳለች ብዬ አልፈርምም።»

«አንተ ሰው፣ ወረቀት ነው!» አሉት ባለጋሪው።

«ወረቀት ስለሆነ ነዋ፤ እኔ ከሞትኩ በኋላም ይቀራል።»

«ወላሂ፣ ልጄ እንዴት አብራህ እንደምትኖር ይገርመኛል!» ብለው ባለጋሪው እስክሪብቶውን ነጥቀው ፈረሙ። ባለቤቷ እሳቸው ስለሆኑ ፊርማቸው ይበቃል። አማቹ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከቅጹ ጋር የሚያያዘውን ማረጋገጫ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «መጠነኛ» የሚለውን ቃል በደማቅ ፊደል። በሥራዬ ብዙ ያልሆነ ነገር ጽፌያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ጣቴ ከብዶኝ አያውቅም። ያቺ ባጃጅ እናቴን ያስተኛች ባጃጅ ናት፤ ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

አማቹ ከዚያ ወዲያ በሱቄ በር ሲያልፍ ሰላምታ አይሰጠኝም። የመስኖ ጉድጓድ ፓምፕ መጠገን ያዘ። ጸጥታን ባለጋሪው ራሳቸው ይነዷት ጀመር።

እሱ ትክክል እንደነበር ያወቅነው ብድሩ ላይ ነው። ሞተሩ የተቃጠለበት አንድ ባለባጃጅ ባለጋሪውን አይቶ የእሱንም ለማስለወጥ ተነሣና ወደ አበዳሪዎቹ ሄደ። እንዲህ ያለች ባጃጅ ለመመዝገቧ ማስረጃ አምጣ ሲሉት የጸጥታን ሊብሬ ቅጂ ወስዶ አሳያቸው። እነሱም፣ ባለ አንድ ሲሲ ሞተር ያለው ነገር ተሽከርካሪ ተብሎ መያዣ አይሆንም አሉት። በዚያ ላይ አሉት፣ ለኤሌክትሪክ የተያዘው ድጋፍ ጭስ ለሌላቸው ብቻ ነው፤ ይቺ በራሳችሁ ፊርማ ትጨሳለች። ከወርክሾፑ የተረፈው በጀት ደግሞ ለክትትል ተብሎ ለመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል ተገዝቶበታል፤ በቤንዚን የሚሄድ።

ባለጋሪው ይህን ሲነገራቸው ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ተነሡ። «ነይ» አሉኝ። ወደ መስኖው ማሳ ሄድን። አማቹ ከጉድጓዱ አጠገብ፣ እጁ በቅባት ተነክሮ፣ ፓምፕ ፈትቶ ተቀምጧል። አማት አማቹን ይቅርታ መጠየቅ በእኛ አገር የተለመደ አይደለም፤ ባለጋሪውም አልጠየቁም። አጠገቡ ቁጢጥ ብለው ተቀምጠው፣ ከፊቱ ያለውን ብሎን አንሥተው አቀበሉት። እሱም ተቀብሎ አሰረው። ሌላ አቀበሉት። እንዲያ እያሉ ፓምፑ ተገጠመ።

እኔ ግን ጠየቅሁት። «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አፍሬያለሁ» አልኩት።

«እንግዲያው እኔ የምነግርሽን ጻፊ» አለኝ።

ያን ቀን እሱ እየተናገረ የጻፍኩት ማመልከቻ በሕይወቴ አጭሩ ነው። «ይህች ባጃጅ በኤሌክትሪክ ትሠራለች። ሲሲ የላትም። አትጨስም። ቅጹ ላይ ያለው ልክ አይደለም፤ ይስተካከል።» ከሠላምታ ጋር እንኳ አላስገባኝም።

ማመልከቻውን ለባለሙያው ወስጄ ሰጠሁት። አንብቦ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። አለቀ፣ ይህም እንደ ሌላው ሆነ ብዬ ተመለስኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ግን እንደ ልማዱ የምርመራ ቅጽ ሊያባዛ ሱቄ መጣ። ዋናውን ወረቀት ሲሰጠኝ አየሁት። ከ«ከፍተኛ» በታች በማስመሪያ፣ በጥንቃቄ፣ አንድ አዲስ መስመር ተጨምሯል። «በኤሌክትሪክ የሚሠራ፤ አይጨስም።» ሲሲ ከሚለው ጎን ደግሞ «ካለው» የሚል ትንሽ ቃል ገብቷል። ጽሑፉ የእጅ ስለሆነ ትንሽ ያዘነብላል።

«ማን ፈቀደ?» አልኩት።

«ማንም አልከለከለም» አለ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

«ማዘንበሉ ያስታውቃል» አልኩት። ወንበር ሰጥቼው ቅጹን ከላይ እስከ ታች በኮምፒውተር እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ አዲሱ መስመር ከሌሎቹ ጋር በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ዓይነት ጥቁረት። ከዚያ አባዛሁት። በዚያ ዓመት መሥሪያ ቤቱ የተጠቀመበት ቅጽ ሁሉ ከእኔ ማሽን የወጣ ነው። እኛ ስንት ደብዳቤ ጽፈንለት፣ ወልድያ ድረስ ሄደን አጨብጭበንለት ያልወጣው መመሪያ በፎቶ ኮፒ ወጣ። ኮምፒውተሩን እንዴት እንዳደረገው አልጠየቅሁትም፤ አዲስ ሊብሬ ግን ወጣላት፤ ከአንዱ ሲሲም ከጭሱም ነጻ የሆነ።

ኃላፊው ነገሩን ያወቁት ከሌላ ወረዳ ሰዎች ልምድ ሊቀስሙ መጥተው «ይህን መስመር እንዴት አስገባችሁት?» ብለው ሲጠይቋቸው ነው። ቅጹን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «በጥናት» አሉ።

ያ ባለባጃጅ ብድሩን አገኘ። እሱን ተከትሎ ሌላ አንድ ሰው ከዋጃ መጣ። አማቹ ፓምፑንም ሳይተው ባለጋሪው ግቢ ውስጥ መጠገኛ ከፈተ፤ ሚስቱ ያን የሽቦ ሻንጣ ራሷ ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣችለት ብለውኛል። ሶኬቱ አልተፈቀደም። ስለ ሶኬቱ የጻፍናቸው ደብዳቤዎች ቁጥር ተሰጥቷቸው መዝገብ ቤት ተቀምጠዋል፤ ቻርጁ የሚደረገው ከባለጋሪው ቤት፣ በመስኮት በወጣ ገመድ ነው።

እናቴ በኋላ ሕመሙ ጸንቶባት አረፈች። ቀብሯ ላይ ባለጋሪው ቆመው፣ የኮሚቴያችን አባል ነበሩ ብለው ለሰው ነገሩ። የኮሚቴው ማህተም ያለው እኔ ጋ ነው። ከጸሐፊነቴ ማንም አላነሣኝም፤ የሚያነሣኝ ጉባኤ ለመጥራትም የእኔ ደብዳቤ ያስፈልጋል።